«ማን ልበል?»

የመመረቂያ ወራት በቀረበ ቁጥር በመኝታ ቤቱም፥ በመመገቢያ አዳራሹም፥ በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይም የሚሰማው ወሬ አንድ ዐይነት ነው፤ የስልክ ወሬ ነው። አንዱ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ስድስት ጊዜ ደውሎ ስድስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» መባሉን ያወራል። ሌላዋ የተግባር ልምምድ ቦታ መኖር አለመኖሩን ልትጠይቅ ደውላ፥ ጥያቄዋን ሳትጨርስ ስልኩ እንደ ተዘጋባት ትናገራለች። ሦስተኛው ደግሞ ፈገግ ይልና «እናንተ አታውቁበትም» ብሎ ይጀምራል። ድምፁን ወፈር፥ አነጋገሩን ቆጣ አድርጎ «ከሚኒስቴር ነው የምደውለው፤ አገናኚኝ!» እንዳለና ወዲያው ከሥራ አስኪያጁ ጋር እንደ ተገናኘ ሲተርክ ጓደኞቹ ይስቃሉ፤ አንዳንዶቹም መላውን በልባቸው ይይዙታል።

ሳቁ ይቆየንና ነገሩን ረጋ ብለን እንመልከተው። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል እንጂ በአገራችን ሰው ከመሥሪያ ቤት ጋር የሚገናኝበት መንገድ ሁሉ በውስጡ ተጠቅልሎ ይገኛል። አሥራ ስድስት ዓመት የተማረ ወጣት ስለ ሥራ አንድ ቀላል ጥያቄ ለመጠየቅ መዋሸት ግድ የሚሆንበት ከሆነ ጥፋቱ የማን ነው? ከመዋሸት ሌላስ መንገድ አለ ወይ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ መመርመር ነው።

በመጀመሪያ፥ ለምን እንደውላለን? ዱሮ እንዲህ አልነበረም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዘመን ተመራቂው በጣት የሚቈጠር ስለ ነበረ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ይፈልገው ነበር። በደርግ ዘመን ደግሞ መንግሥት ተመራቂውን በዝርዝር እየመደበ ይልከው ነበር፤ ምድቡ ቢወደድም ቢጠላም ሥራው ያለው ከወዴት እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ያ አሠራር ቀርቶ ተመራቂው ራሱ ፈላጊ ሆነ፤ የዩኒቨርሲቲዎችም ቁጥር በዝቶ በየዓመቱ የሚመረቀው ሰው እጅግ ጨመረ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና መጥቷል። እንግዲህ ፈተናውን አልፎ፥ ዲግሪውን ይዞ የሚወጣው ወጣት የመጀመሪያ ሥራው ሥራ ያለበትን ቦታ ማወቅ ነው።

«ማስታወቂያ የለም ወይ?» የሚለን ይኖራል። አለ። በጋዜጣም ይወጣል፤ በየሰሌዳው ይለጠፋል፤ ዛሬ ደግሞ በቴሌግራም በየደቂቃው ይፈስሳል። ይሁን እንጂ ማስታወቂያ የማይነግረን ብዙ ነገር አለ። መሥሪያ ቤቱ ለተግባር ልምምድ ተማሪ ይቀበላል ወይስ አይቀበልም? የሚቀበለው በየትኛው ወር ነው? «የሥራ ልምድ 0 ዓመት» የሚለው የሥራ መደብ በዓመት ስንት ጊዜ ይወጣል? ፈተናው በጽሑፍ ነው ወይስ በቃል? ማመልከቻ የሚቀበለው በአካል ነው ወይስ በፖስታ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልሱ ከአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ጠረጴዛ ለመድረስ ከክፍለ ሀገር በአውቶቡስ መምጣት ወይም ስልክ መደወል ያስፈልጋል። የአውቶቡሱን ዋጋ የምናውቀው እናውቀዋለን። ስለዚህ ለብዙዎቻችን፥ በተለይም በከተማው ውስጥ አጎት ወይም አክስት ለሌለን፥ ስልኩ የቀረችን መንገድ ናት። እርሷም ብትሆን በካርድ ነው የምትሠራው፤ ካርዱም ከቁርስ ገንዘብ ይወጣል።

አሁን ስልኩን ወደሚያነሣው ሰው እንለፍ። ብዙውን ጊዜ የምታነሣው ሴት ናት፤ እንግዳ ተቀባይ ወይም ጸሐፊ። እኛ ተማሪዎች ስለ እርስዋ ስንናገር እንደ ግንብ፥ እንደ ብረት በር፥ ሲከፋም እንደ ጠላት አድርገን ነው። ግን ምን እንደምትሠራ አስበን እናውቃለን? ከፊት ለፊቷ ባለጉዳይ ቆሟል፤ በስተጀርባዋ አለቃዋ ተቀምጧል፤ በእጇ ስልክ አለ። «ማንንም እንዳታስገቢ» ተብላ ታዛለች። ብታስገባ ትቈጣለች፤ ባታስገባ ትሰደባለች። አለቃው ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እንድትል የምትታዘዘው እርስዋ ናት፤ የውሸቱ ባለቤት ሌላ፥ አፉ ግን የእርስዋ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ ስለ ቤቱ አሠራር ከእርስዋ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አይገኝም። የትኛው ደብዳቤ ከማን ዘንድ እንደ ተኛ፥ የትኛው ኃላፊ መቼ እንደሚገባ፥ የትኛው ክፍል ሰው እንደ ጎደለው ታውቃለች። እኛ ግን ከእርስዋ አጠገብ ደርሰን፥ እርስዋን ዘለን፥ እርስዋ የምታውቀውን ከማያውቅ ሰው ልንጠይቅ እንታገላለን።

የእርስዋ ሥራ በአገራችን አዲስ አይደለም። ስልክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከመግባቱ አስቀድሞ፥ ታላላቅ ሰዎች በደጃቸው ሰው ያቆሙ ነበር። በቤተ መንግሥቱ አጋፋሪ ነበረ፤ ከዚያም አለፍ ሲል እልፍኝ አስከልካይ ነበረ። ስሙን ልብ ብለን እንየው፤ አስገቢ አይደለም፥ አስከልካይ ነው። ጉዳይ ያለው ሰው ርስቱን ትቶ፥ ስንቁን ቋጥሮ፥ ወር ሁለት ወር ደጅ ይጠናል። ደጅ በሚጠናበትም ጊዜ የሚጠየቀው ስለ ጉዳዩ ሳይሆን አስቀድሞ ስለ ወገኑ ነው፤ የማን ልጅ ነው? የማን አሽከር ነው? ማን ይዞት መጣ? ወገን ያለው ይገባል፤ የሌለው ቆሞ ይውላል። ደጁ ዛሬ ፈርሷል። ልማዱ ግን ወደ ስልኩ ተዛውሯል።

ለዚህም ምስክሩ ስልክ በደወልን ቁጥር የምንሰማው «ማን ልበል?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው በራሱ ነውር የለበትም። ስልክ የሚያነሣ ሰው የሚደውለው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባዋል፤ እንዲያውም ጨዋነት ነው። ነገር ግን ስማችንን ስንነግራት «ከየት?» ትላለች፤ «ተማሪ ነኝ» ስንል ጥቂት ዝም ትልና «ያውቁሃል?» ትላለች። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚለወጠው። መጀመሪያ የተጠየቀው ስማችን ነበር፤ በመጨረሻ የተጠየቀው ወገናችን ሆኖ ተገኘ። ያ ጓደኛችን «ከሚኒስቴር ነው» ብሎ የሚዋሸው ስም አጥቶ አይደለም፤ እናቱና አባቱ ያወጡለት መልካም ስም አለው። ያጣው ስሙን የሚያስከብርለት ወገን ነው፤ ስለዚህ ወገን ይፈጥራል።

እዚህ ላይ በቅንነት የሚከራከሩን ጓደኞች አሉ፤ ክርክራቸውም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። እንዲህ ይላሉ፦ «የሚኒስትሩ የእኅት ልጅ ሲደውል እውነቱን ተናግሮ ያልፋል። የገበሬው ልጅ እውነቱን ቢናገር ይዘጋበታል። እንግዲህ የገበሬው ልጅ በውሸት ቢያልፍ ፍርድን አስተካከለ እንጂ ምን አጠፋ? ማንንስ ጎዳ?» የዚህን ክርክር ምሬት እናውቀዋለን። ሆኖም በሦስት ምክንያት አንቀበለውም።

አንደኛ፥ ጉዳቱ የሚወድቀው ከሁሉ ደካማ በሆነው ሰው ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ተቀብሎ ከሚኒስቴር ሳይሆን ከአንድ ተማሪ ጋር መነጋገሩን ሲያውቅ ለተማሪው ምን ያደርገዋል? ስልኩን ይዘጋበታል፥ በቃ። ከዚያ በኋላ ግን ደወሉን ተጭኖ ጸሐፊዋን ይጠራታል። ተግሣጹን የምትቀበለው እርስዋ ናት፤ ምናልባት ደመወዟም ይነካል። ለገበሬው ልጅ ተብሎ የተዋሸው ውሸት ዋጋው የተከፈለው በሌላ ድኻ ልጅ ነው። ይህ ፍርድን ማስተካከል ሊባል አይችልም።

ሁለተኛ፥ ከእኛ በኋላ የሚደውለው ሌላ ተማሪ ነው። አንድ ጊዜ የተታለለች ጸሐፊ በማግሥቱ ለሚደውለው ሁሉ ሁለት ጊዜ ትጠይቃለች፤ ሦስተኛውን ገና ድምፁን ስትሰማ ትዘጋለች። እውነቱን ለመናገር የደወለው ልጅ የእኛን ዕዳ ይከፍላል። አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ያሉት ለሚዋሸውም ማስጠንቀቂያ ነው፤ የሥራ ፈላጊ ውሸት ከማኅደሩ ውስጥ የሚገባ የመጀመሪያው ሰነድ ነውና።

ሦስተኛውና ዋናው ምክንያት ይህ ነው። የሌለ አጎት የሚፈጥር ሰው አጎት ያስፈልጋል ብሎ መመስከሩ ነው። እኛ ሥራ በችሎታ ይሰጥ፥ ዘመድ ይቅር እያልን በየስብሰባው እንናገራለን። በስልክ ግን ራሳችንን የዘመድ ልጅ አድርገን ስናቀርብ የምንቃወመውን ሥርዓት እናጸናዋለን። እልፍኝ አስከልካዩም ትክክል ነበር ማለታችን ነው፤ የእኛ ቅሬታ ዘመድ ባለመሆናችን ብቻ ነበር ማለት ነው።

ማታለልን የፈጠርነው እኛ ብቻ አይደለንም። በአሜሪካ ሠራተኛ መልማዮች ወደ ማያውቁት ድርጅት እየደወሉ በዚያ የሚሠሩትን ሰዎች ስምና ማዕረግ ማወቅ ከዋና ተግባራቸው አንዱ ነው፤ ያንን ሰው ወደ ሌላ ድርጅት ለመሳብ ይፈልጉታልና። በእነርሱ ቋንቋ የስልክ ተቀባይዋ ስም «በር ጠባቂ» ነው። እርስዋን ለማለፍ የተጻፈው ምክር ብዙ ነው፦ አለቃዋን የምታውቅ ምሰል፥ በስሙ ብቻ ጥራው፥ እርስዋ ሳትገባ በማለዳ ወይም ከወጣች በኋላ ደውል፥ አለቃው ራሱ ያነሣዋል ይላሉ። የመጨረሻው ምክር በእኛ አገር እንደማይሠራ የሞከረው ያውቃል፤ በዚያ ሰዓት የሚያነሣው ዘበኛው ነው። ከቀልዱ ባሻገር ግን፥ ሌላ ሰው መስሎ መደወል ልማድ ሲሆን ወዴት እንደሚያደርስ በዚያው አገር ታይቷል። በ2006 እ.ኤ.አ. ሂውሌት ፓካርድ የተባለው ታላቅ ኩባንያ ያሠማራቸው መርማሪዎች የቦርድ አባላትንና ጋዜጠኞችን መስለው የስልክ መዝገባቸውን ከስልክ ድርጅቶች ማውጣታቸው ተጋለጠ። የቦርዱ ሊቀ መንበር ከቦታቸው ለቀቁ፤ በጥር ወር 2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ በማስመሰል የሰው የስልክ መዝገብ መውሰድን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ ወጣ። ተማሪው ስለ ተግባር ልምምድ ለመጠየቅ የሚዋሸው ከዚህ ጋር እንደማይስተካከል እናውቃለን። መንገዱ ግን አንድ ነው፤ ልዩነቱ የተጓዙት ርቀት ነው።

ታዲያ እውነቱን የያዘ ተማሪ ምን ያድርግ? እውነት ሁልጊዜ በር ይከፍታል ብለን አንሰብክም፤ የማይከፍትበት ቀን ብዙ ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምንመለሰው እውነቱን ስለ ተናገርን ሳይሆን ሳንዘጋጅ ስለ ደወልን ነው። «ካነጋገር ይፈረዳል፥ ካያያዝ ይቀደዳል» ይባል የለምን? ስለዚህ ልምድ ካላቸው ጓደኞች የሰበሰብነውን እናካፍላለን።

ከሁሉ አስቀድሞ፥ የማንፈልገውን ሰው አንጠይቅ። ሥራ አስኪያጅ ስለ ተግባር ልምምድ ቅጽ የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያውቀው የሰው ሀብት አስተዳደር ነው፤ ከዚያም ውስጥ አንድ ሠራተኛ ነው። «ሥራ አስኪያጁን አገናኙኝ» ስንል በሩን በራሳችን እጅ እናከብደዋለን። ይልቁንስ ስልኩን ላነሣችው ሰው እንዲህ ብንላት ምን ይጎድልብናል? «ጤና ይስጥልኝ፤ ስሜ እገሌ ይባላል፤ የአራተኛ ዓመት የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነኝ። የሚገናኝ ሰው ፈልጌ ሳይሆን እርስዎ ቢነግሩኝ ብዬ ነው። ለተግባር ልምምድ ተማሪ የሚቀበለው የትኛው ክፍል ነው? ደብዳቤውስ ለማን ተብሎ ይጻፋል?» በዚህ አነጋገር ውስጥ ልመናም ፉከራም የለም። «ማን ልበል?» ሳትል ማንነታችንን ነግረናታል። ከዚህም በላይ የምትመልሰውን ጥያቄ አቅርበንላታል። ሰው የሚያውቀውን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ ዕለቱን ሙሉ «አገናኚኝ» ሲባል ለሚውል ሰው ደግሞ ይህ ዕረፍት ነው።

ሰዓቱንም ማወቅ ይገባል። መንግሥት መሥሪያ ቤት በ2 ሰዓት ተኩል ይገባል፤ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የሰላምታና የፊርማ ነው። ሰኞ ጧት የስብሰባ ነው። ዓርብ የምሳ ዕረፍቱ ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ስለ ሆነ በዚያ መካከል መደወል ካርድ ማባከን ነው። ማክሰኞ፥ ረቡዕና ሐሙስ ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ የደወለ ሰው የሚሰማው ያገኛል። እርሳስና ወረቀት በእጁ ይያዝ፤ የነገረችውን ይጻፍ፤ ስሟን በትሕትና ይጠይቅ፤ ሲጨርስ ያመስግን። በሚቀጥለው ጊዜ ሲደውል «ባለፈው ማክሰኞ የረዱኝ እርስዎ ነዎት?» ማለት ይችላል። ያን ቀን ከአንድ ሰው ጋር ይተዋወቃል። ይህ ዝምድና አይደለም፤ በሰላምታና በምስጋና የተገኘ ትውውቅ ነው።

የግል ስልክ ቁጥር አንጠይቅ። «የሞባይላቸውን ቁጥር ስጪኝ» ማለት ብዙዎች የሚፈጽሙት ስሕተት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን የግል መረጃ እንደ ልብ ማደልን ገድቧል። አልሰጥም ያለች ጸሐፊ ሥራዋን አወቀች እንጂ አልከፋችም።

ከሁሉ የሚበልጠው ምክራችን ግን ስለ ደብዳቤ ነው። ስልክ አየር ላይ ይቀራል፤ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ይገባል። መዝገብ ቤት የገባ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ ከዚያም ኃላፊው ዘንድ ቀርቦ ወደሚመለከተው ክፍል ይመራል። ደብዳቤውን በእጁ ያስገባ ሰው በቅጂው ላይ ቁጥሩን አስጽፎ ይያዝ፤ ራሱ መምጣት ያልቻለ ጓደኛውን ይላክ። ከሳምንት በኋላ ደውሎ «ማን ልበል?» ሲባል የሚመልሰው መልስ አለው፦ «በዚህ ቀን፥ በዚህ ቁጥር የገባው ደብዳቤ ባለቤት ነኝ፤ ለየትኛው ክፍል እንደ ተመራ ቢያዩልኝ።» ልብ በሉ፤ አጎት የሌለው ልጅ ቁጥር አገኘ። ቁጥር የማንም ዘመድ አይደለም። ለሚኒስትሩ የእኅት ልጅም ለገበሬው ልጅም በተራ ይሰጣል። የመሥሪያ ቤት ሥርዓት ማለት ይህ ነው፤ ደጅ ጥናትን ያስቀረው ይኸው ነው፥ ወይም ሊያስቀረው የሚገባው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ተማሪው ነው። ሸክሙን ሁሉ በእርሱ ትከሻ ላይ ጥለን ብንሄድ ግን ፍርድ አጓደልን። ተማሪው የቱንም ያህል ቢታረም፥ የተዘጋን መሥሪያ ቤት በጨዋነት ብቻ ሊከፍተው አይችልም።

መሥሪያ ቤቶች ያለባቸው ግዴታ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 መረጃ የመሻትና የመቀበልን ነፃነት አውጇል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው፥ ጥያቄውም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መልስ ሊያገኝ እንደሚገባው ደንግጓል። ሕግ አውጪው ይህን ሲጽፍ ያሰበው ስለ ታላላቅ ምስጢሮች ብቻ አይመስለንም። «ለተግባር ልምምድ ተማሪ ትቀበላላችሁን?» የሚለውም ጥያቄ መረጃ ነው። ይህን ለመመለስ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ምን ዐይነት ተማሪ፥ ስንት፥ በየትኛው ወር፥ በምን ማስረጃ እንደሚቀበሉ ተጽፎ ከእንግዳ ተቀባይዋ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥላት እርስዋም ከውሸት ትድናለች፥ አለቃዋም ከደወል ያርፋል፥ እኛም ካርዳችንን እናተርፋለን። የተዘጋው በር ቁልፍ ይህን ያህል ርካሽ ሆኖ ሳለ ያልተገዛበት ምክንያት ምን ይሆን? መልሱ የሚያሳዝን ነው። መረጃው በወረቀት ላይ ከተጻፈ ለሁሉ እኩል ይሆናል፤ ለሁሉ እኩል የሆነ ነገር ደግሞ ለወዳጅ የሚሰጥ ስጦታ መሆኑ ይቀራል።

መምህራኖቻችንም ቅር አይበላቸውና አንድ ቃል አለን። ተማሪው ከትምህርት ክፍሉ የሚሰጠው የትብብር ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። ለሁሉ የተጻፈ ደብዳቤ ማንንም አይመለከትም፤ እንግዳ ተቀባይዋም ወዴት እንደምትመራው ቢጠፋት አይፈረድባትም። የመሥሪያ ቤቱ ስም፥ የክፍሉ ስም ቢጻፍበት፥ ከግርጌውም የትምህርት ክፍሉ ስልክ ቢሰፍርበት፥ መሥሪያ ቤቱ ለማጣራት ሲደውልም የሚያነሣ ቢገኝ ደብዳቤው ሌላ ኃይል ያገኛል። ይህን የምንለው በምክንያት ነው። ወደ ራሳችን ግቢ ጽሕፈት ቤቶች ደውሎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ያልተባለ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ። የሌላውን ደጅ ከመንቀፍ በፊት የራሳችንን ደጅ መክፈት ይቀድማል።

በመጨረሻም ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ አለ። ዛሬ አንድ መቶ ተማሪ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት መቶ ጊዜ ይደውላል፤ አንድ ዐይነት ጥያቄ ይጠይቃል፤ መልስ ያገኘው አንዱ መልሱን ደብቆ ይይዛል፥ ጓደኛው እንዳይቀድመው። ጸሐፊዋ ብትሰለች ይፈረድባታልን? ማኅበሩ አንድ መዝገብ ይክፈት። መዝገቡ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ስም፥ ተማሪ የሚቀበለው ክፍል፥ የሚቀበልበት ወር፥ የሚጠየቀው ማስረጃ፥ ደብዳቤው የሚጻፍበት አድራሻና መረጃው የተገኘበት ቀን ይጻፍ። የማንም ሰው የግል ስልክ አይጻፍበት። በማኅበሩ ስም ጥቂት ጓደኞች በሳምንት ሁለት ጧት እየደወሉ ያድሱት፤ ሲደውሉም ማን እንደ ሆኑ ይናገሩ። «ማን ልበል?» ሲባሉ «ከተማሪዎች ማኅበር ነው» የሚል መልስ አላቸው። ይህ መልስ እውነት ነው፤ ክብደትም አለው። ለብቻው የሚደውል ተማሪ ያጣውን ወገን በውሸት ሳይሆን በማኅበር ያገኘዋል። ጓደኞቻችን ሆይ፥ ማኅበር የሚቋቋመው ለሰልፍና ለስፖርት ውድድር ብቻ አይደለም።

የዚህ መዝገብ ፈተናው የሚመጣው መልስ ባገኘው ሰው ላይ ነው። ስድስት ጊዜ ደውሎ በሰባተኛው የተሳካለት ልጅ የያዛትን ወረቀት ለሁሉ ያነብባታል ወይስ ከኪሱ ይደብቃታል? ቢደብቃት ነገ እርሱ ራሱ ከጠረጴዛ ጀርባ ሲቀመጥ ማንንም እንዳታስገቢ ብሎ እንደሚያዝዝ ከአሁኑ እናውቃለን። የዛሬ ደዋዮች የነገ አለቆች ነንና። አንድ ቀን ጸሐፊያችን ገብታ «አንድ ተማሪ ደውሏል፥ ማንም አያውቀውም፥ ምን ልበል?» ስትለን የምንመልሰው መልስ ዛሬ እዚህ ግቢ ውስጥ እየተዘጋጀ ነው። «አገናኚኝ፤ ምን እንደሚፈልግ እንስማው» የምንል ያድርገን።